ሙጫው እስኪደርቅ የማያርፉት ጋሽ ሰይድ

ጋሽ ሰይድ ይመርን ለምታውቁ ሁሉ። ጋሽ ሰይድ ባለፈው ወር አጋማሽ፣ በአንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ደሴ ውስጥ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው አርፈዋል። በዚያው ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ቀብራቸው ተፈጽሟል። ሳትሰሙ የቀራችሁ፣ ስልካችሁን አጥተን ያልነገርናችሁ ብዙ እንደምትሆኑ ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ መርዶውን የሰማሁት ኮምቦልቻ፣ በምሠራበት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ሆኜ ነው። ስልኩ ላይ የወጣው የእርሳቸው ስም ስለነበር እንደ ልማዳቸው ስለ ሙጫ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ሥራዬን ሳላቋርጥ አነሣሁት። ድምፁ ግን የባለቤታቸው የእትዬ ዘሀራ ነበር። «ትርንጎ ልጄ፣ ጋሽሽ ሄዱ» አሉኝ። ልባቸው እንደታመመ፣ መተንፈስ እንደቸገራቸው አውቅ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስደነግጥ ሰንብቻለሁ። ያን ዕለት ብቻ ሳልደነግጥ አነሣሁት።

በሚኒባስ ደሴ ስደርስ ወንዶቹ ወደ መቃብር ወጥተው ነበር። ሆጤ ካለው ቤታቸው ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በወሎ ሐዘን ቤት ግን ሰው በሃይማኖቱ ተለይቶ አይቀመጥም፤ እንደ ልጅ ከእትዬ ዘሀራ አጠገብ አስቀመጡኝ። እያንዳንዷ ሴት ጋሽ ሰይድ የሠሩላትን ታነሣ ጀመር። አንዷ የተዳረችበትን አልጋ፣ ሌላዋ ጎርፍ ገብቶ ያበጠባትን በር አንሥታ አለቀሰች። ስለሠሯቸው የቀስት ደጋኖች ግን ያወራ አልነበረም። ብዙዎቹ ፈጽሞ አያውቁም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሁሉ ይበልጥ ያስጨነቋቸው እነዚያ ደጋኖች ስለነበሩ፣ የእኔ ድርሻ የእነርሱን ነገር መናገር እንደሆነ ታየኝ።

ከጋሽ ሰይድ ጋር ያገናኘኝ ክራንች ነው። በመኪና አደጋ ቀኝ እግሬን ካጣሁ በኋላ የተሰጠኝ ክራንች ቁመቱ አልሆነኝም ነበርና ትከሻዬ ጎብጦ ነበር የምሄደው። ሰው ነግሮኝ ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ ወዳለው ጠባብ ሥራ ቤታቸው ሄድሁ። ገና በሩ ላይ ሲያዩኝ መላጊያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። አስቁመው፣ አስቀምጠው፣ አራምደው አዩኝና «ክራንቹ ወደ አንቺ ይምጣ እንጂ አንቺ ወደ ክራንቹ አትጎንበሺ» አሉኝ። በማግሥቱ አዲስ ሠርተው ጠበቁኝ። ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ ነው የምሄደው።

እኛ ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት ትንሽ የቀስት ስፖርት ቡድን አለችን። አባሎቿ የአካል ጉዳት ያለብን ነን፤ ወንበር ላይ ተቀምጠን ወይም ተደግፈን ዒላማ እንመታለን። አሰልጣኛችን ዘውዱ ይባላል። መጀመሪያ በስጦታ ያገኘነው፣ ከውጭ የመጣ አንድ ደጋን ብቻ ነበረን፤ ቀስቱ የሚወነጨፍበት ያ የታጠፈ እንጨት ማለቴ ነው። በእርሱ ስንፈራረቅ ከርመን፣ ከእጀታው በላይና በታች ከሚታጠፉት ክንፎቹ የአንዱ ተነባብሮ የተጣበቀ እንጨት ተላቀቀ። ዘውዱ ተስፋ ቆርጦ ሊጥለው ሲል ጋሽ ሰይድን አስታወስሁት፤ ይዘንላቸው ወጣን።

ጋሽ ሰይድ ደጋን ሠርተው አያውቁም ነበር፤ ይህንንም አልደበቁንም። «ተዉልኝና ልየው» ብለው ተቀበሉን። በሌላ ቀን ስንመለስ የተላቀቀውን ክንፍ ከፍተው ስስ ስስ እንጨቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋቸዋል። አንዷን ስስ እንጨት በሁለት እጃቸው አጠፍ እያደረጉ አስረዱን። ደጋን ሲሳብ ወደ ዒላማው የዞረው ጀርባው ይለጠጣል፣ ወደ ተኳሹ የዞረው ሆዱ ይጨመቃል፤ ሁለቱ በተቃራኒው ሲጓተቱ መካከል ላይ ያለው ሙጫ ነው ጣጣውን የሚችለው። የበር ሙጫ ሥራው ዝም ብሎ መያዝ ነው፤ የደጋን ሙጫ ግን በተሳበ ቁጥር ይፈተናል። ያኛው ደጋን ስለማይድን ራሳቸው አዲስ ለመሥራት ቃል ገቡልን፤ ለጀርባው ቀርከሃ፣ ለሆዱ ወይራ መረጡ።

የመጀመሪያው ደጋን በጣም ያምር ነበር። ያጣበቁት ዕድሜ ልካቸውን ወንበርና አልጋ ባጣበቁበት በነጩ ኮላ ነው። ደሴ ሥራ ቤታቸው ውስጥ ደጋግመው ሳቡት፤ ምንም አልሆነም። ዘውዱ ይዞልን ወረደ። ኮምቦልቻ ግን ደሴ አይደለም። ዕለቱ ፀሐይ የከረረበት ነበር፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ባለው ሜዳችን ላይ ደጋኑ ከጠዋት ጀምሮ ተዘርግቶ ዋለ። ተራዬ ሲደርስ ተቀብዬ ሳብሁት። እጄ ውስጥ አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማኝ። ወዲያው ፈነዳ። የወይራው ስንጣሪ ከግራ ዓይኔ በላይ ቅንድቤን ሰንጥቆት አለፈ።

ሲሰፉኝ ሐኪሙ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ አይተርፍም ነበር አለኝ። ፊቴ በፋሻ ተጠቅልሎ ስወጣ ጋሽ ሰይድ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዘውዱ ደውሎላቸው የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳይለውጡ ነው የወረዱት፤ ፂማቸው ላይ የእንጨት ብናኝ ነበረ። ፋሻዬን አዩና አንገታቸውን ደፉ።

«አፉ በይኝ ልጄ» አሉኝ።

ምንም እንዳልሆንሁ፣ ጥፋት እንደሌለባቸው ነገርኋቸው። አልሰሙኝም። ቆይተው ቀና አሉና ከመሰበሩ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳወጣ ጠየቁኝ። ድምፅ እንዳልነበረው፣ መንሸራተት ብቻ እንደተሰማኝ ነገርኋቸው። ደጋኑ ፀሐይ ላይ ውሎ እንደነበር ሲሰሙ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «የደሴ ብርድ ሸነገለኝ» አሉ። ነጩ ኮላ ብርድ ላይ ድንጋይ ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ደጋ ላይ የያዘው ቆላ ላይ ለቀቀ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ሰይድን ጭንቀት ገባቸው። ሰው ሁሉ፣ ዘውዱም ጭምር፣ ነገሩን እንዲተዉት ነገራቸው። መተው ግን አልቻሉም። የወይራና የቀርከሃ ቁራጮችን ሁለት ሁለቱን በተለያየ ሙጫ እያጣበቁ ድንጋይ አንጠለጠሉባቸው፤ አንዳንዱን ቆርቆሮ ጣራ ላይ ፀሐይ ያስመቱታል፣ አንዳንዱን ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ጉም ውስጥ ያሳድሩታል። ጫማ ሰሪዎች የሚሠሩበት ማስቲሽ እንደ ማስቲካ ሆኖ ተንሸራተተባቸው። በጠብታ የሚሸጠው፣ ወዲያው የሚይዘው ሱፐር ግሉ ለማየት ጥሩ ነበር፤ ሲታጠፍ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። አባታቸው ይሠሩበት የነበረውን፣ ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣውን ሙጫ ሳይቀር አፍልተው ሞከሩ። እርሱ በጥንካሬው አስደስቷቸው ነበር፤ ክረምት ገብቶ እርጥበቱ ሲነካው ለቀቀ። የዚያን ዕለት እንደ ሰው ነበር ያዘኑበት።

ሁሉንም የሚመዝኑበት አንድ መለኪያ ነበራቸው። ቁራጩን በመዶሻ ሰብረው የተሰበረበትን ቦታ ወደ ብርሃን አዙረው ያዩታል። «ሲሰበር እንጨቱ ይሰበር፤ ሙጫው ለቆ ካየሁ ለሰው አልሰጥም» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ይህን ያለፈው ከሁለት ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ነው። እርሱም ቢሆን ቶሎ የሚደርቀውን ዓይነት አልወደዱትም፤ ያችን ዘግይታ የምትደርቀዋን እስኪያገኙ ስንት ሱቅ እንደዞሩ ባለ ሱቆቹ ያውቃሉ። ወይራ ቅባት ስላለው ሙጫ አያስጠጋም፤ እርሳቸው በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ በአልኮል ጠርገው፣ ከዚያ ነበር የሚቀቡት። የተጣበቁትን እንጨቶች ገጥሞ የሚይዘውን ብረት፣ ሞርሳውንም፣ አጥብቀው አያስሩም። አጥብቆ ማሰር ሙጫውን ጨምቆ ያስወጣውና መካከሉን ባዶ ያስቀረዋል ብለው ለዘውዱም ለእኔም ደጋግመው አስተምረውናል።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ደሴ ይበርዳል፤ ኢፖክሲው በብርዱ አልደርቅ አላቸው። ስለዚህ አዲሱን ደጋን በሞርሳ እንደታሰረ፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ይዘውት ወረዱ። መንገድ ላይ ኬላ ነበር። ፈታሹ ፖሊስ ጥቅሉን ዳሰሰው፤ ብረቱና የታጠፈው እንጨት እጁ ላይ ሲመጣ አስወረዳቸው። ጊዜውን ታውቁታላችሁ፤ የተጠቀለለ ነገር ሁሉ መሣሪያ ይመስል ነበር። ጋሽ ሰይድ ለራሳቸው አልፈሩም፤ የፈሩት ሞርሳውን እንዳይፈታው ነው። «ልጄ፣ እኔን እዚሁ አቆየኝ፤ እርሱን ብቻ አትፍታብኝ። ሙጫው ገና ነው፤ ሙቀት ፈልጎ ነው ወደ ቆላ የሚወርደው» ብለው ለመኑት። ፖሊሱ ግራ ገብቶት በሰጡት ስልክ ዘውዱ ዘንድ ደወለ። ዘውዱ ቢያስረዳው በመጨረሻ ፖሊሱ ራሱ ጥቅሉን ተሸክሞ ሚኒባሱ ላይ አደረሰላቸው። ይህን በኋላ ሲያወሩልን ዘውዱ ሳቀ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ደጋኑን እኔ ቤት አኖሩት፤ ቤቴ ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን ይግላል። ቀላቅለው የተረፋቸውንም ሙጫ በፕላስቲክ ኩባያ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ያ ትርፍ ሙጫ ምስክር ነው፤ ጥፍሬን ተክዬበት ምልክት ከተወ ደጋኑም ገና ነው ማለት ነው። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመሩ፤ ጠዋት ይደውላሉ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ይደውላሉ። ቤቱ ሞቋል ወይ? ጥፍርሽ ገባ ወይ? እትዬ ዘሀራ ስልኩን ተቀብለው፣ ቁርስ ቀርቦላቸው ሳይበሉ እንደሚቀዘቅዝ፣ የልብ መድኃኒታቸውን ካላስታወሷቸው እንደሚረሱ ነገሩኝ። የሰው ጭንቀት በስልክ ይጋባል። እኔም ሥራ ቦታ ሆኜ ስለዚያ ኩባያ አስብ ጀመር።

ሲደርቅ መጥተው ራሳቸው ፈቱት። ሜዳው ላይ ከግንድ አስረው፣ ሁላችንንም ከግንብ ኋላ አርቀው፣ በረዥም ገመድ ደጋግመው ሳቡት። ቀጥሎ የብየዳ መነጽር አድርገው በእጃቸው ሳቡት። በጠራራ ፀሐይ ላይ አውለው እንደገና ሳቡት። ደጋኑ አንዳች አልሆነም። ዘውዱ ተቀብሏቸው ወደ እኔ አመጣው።

እኔ ግን አልይዘውም አልሁ። እጄ አልዘረጋ አለኝ፤ ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ የሚያሳክከኝ መሰለኝ። ዘውዱ ሊያበረታታኝ ሲል ጋሽ ሰይድ አስቆሙትና አጠገቤ መጥተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«አብሽሪ። መፍራትሽ ልክ ነው» አሉኝ። «እኔም እፈራለሁ። ያልፈራሁ ጊዜ ነው አንቺን የጎዳሁሽ።»

ያን ቀን ደጋኑን ሳልስብ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። እርሳቸውም አልተቀየሙኝም፤ ደጋኑንም ለሌላ ሰው አሳልፈው አልሰጡብኝም። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ በራሴ ፈቃድ አንሥቼ ሳብሁት። ቀስቱ ዒላማውን ስቶ ሣር ውስጥ ገባ። ደውዬ ስነግራቸው ስለ ቀስቱ አልጠየቁም፤ የደጋኑን ክንፍ በጣቴ ዳብሼ እንድነግራቸው ነበር የፈለጉት። ደህና መሆኑን ስነግራቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ዛሬም በዚያው ደጋን ነው የምጫወተው።

ከዚያ በኋላ ሌሎችንም ሠሩልን፤ ጭንቀታቸው ግን አልቀነሰም። በዚህ የተነሣ ከዘውዱ ጋር እስከ መጣላት ደርሰዋል። ወደ ሌላ ከተማ ለውድድር ልንሄድ ስንል አንድ ደጋን በሞርሳ ላይ ነበረ፤ ትርፉ ሙጫ ገና ጥፍር ያስገባል። ዘውዱ ልጆቹ ዓመት ሙሉ እንደጠበቁ እያነሣ ለመናቸው፣ ቀጥሎም ተቆጣቸው። «ዓመት የጠበቀ ሰው ሳምንት አያቅተውም» አሉት። «ዓይን ግን አንዴ ከሄደ ጠብቀው አያመጡትም።» ዘውዱ በሩን ገጭ አድርጎ ወጣ። በጎደለ ደጋን እየተፈራረቅን ተወዳደርን፤ ተሸንፈንም ተመለስን። ዘውዱ ለረዥም ጊዜ ሥራ ቤታቸውን አልረገጠም። እርሳቸው ደጋኑ በደረቀ ጊዜ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላኩለት፤ ከቅሬታም ከምክርም አንዲት ቃል አልጨመሩበትም። የታረቁት ጋሽ ሰይድ መታመማቸውን ሲሰማ ነው። ዘውዱ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እርሳቸውም ወዲያው የመጨረሻውን ደጋን ያሳዩት ጀመር።

የመጨረሻውን ደጋን የሠሩት ለሐያት ነው። ሐያት በልብስ ስፌት የምትተዳደር፣ ቡድናችንን በቅርብ የተቀላቀለች ወጣት ናት። ጋሽ ሰይድ ይህን ደጋን ሲያጣብቁ ትንፋሻቸው ያጥር ነበር፤ ሞርሳውን አዙረው ሲጨርሱ ወንበር ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ስጠይቃቸው ኦክስጅን ተደርጎላቸው ስለ ደጋኑ ይጠይቁኝ ነበር። ሳይደርቅ እንዳይፈታ፣ ብርድ ላይ እንዳይቀር፣ ሐያትም ቀድማ እንዳትነካው። ደህና እንደሆነ ነገርኋቸው። እንደማያምኑኝ ከዓይናቸው ያስታውቅ ነበር። እጃቸውን አንሥተው በጣታቸው የቅንድቤን ጠባሳ ነኩት። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ከዘውዱ ጋር ሆነን፣ በእትዬ ዘሀራ ፈቃድ፣ ደጋኑን ወደ ኮምቦልቻ አውርደን እስኪበቃው አሞቅነው። ትርፉ ሙጫ ጥፍር አላስገባ አለ። ሞርሳው ሲፈታ እትዬ ዘሀራ ራሳቸው እንዲኖሩ ለምነናቸው እኔ ቤት መጡ። ዘውዱ ፈታው። መልኩ ከሁሉም የበለጠ ነበር። ክንፉን በጣቴ ስዳብስ ግን ከእጀታው አጠገብ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ጥፍሬ ገባ፤ ሙጫው እዚያ ላይ የለም። የእርሳቸው የራሳቸው ትምህርት ነውና ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ሞርሳውን ከመጠን በላይ አጥብቀውት ኖሯል። እንዳይለቅ ብለው ከመጨነቃቸው የተነሣ ነው ያጠበቁት።

ለዘውዱ አሳየሁት። እርሱም በጥፍሩ ሞከረው። ቆይቶ ዘውዱ ሰው ሳይነካው መታሰቢያ ሆኖ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ሐሳብ አቀረበ። እኔም ልቤ ወደዚያው ሄደ፤ የእጃቸው የመጨረሻ ሥራ ነው። እትዬ ዘሀራ ግን ደጋኑን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኑረው ሲዳብሱት ቆዩና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«የተሰቀለ ነገር አንድ ቀን ይወርዳል» አሉ። «እኛ በሌለንበት አንድ ሰው አውርዶ ይስበዋል። ጋሽ ሰይድ እርሱን እያሰቡ እዚያ መቃብር ውስጥ እንዴት ይተኛሉ? መጋዝ አምጡልኝ።»

ዘውዱ መጋዙን ከጎረቤት አመጣ። እትዬ ዘሀራ አንዱን ጫፍ ያዙ፣ እኔ ሌላውን፤ ዘውዱ እያለቀሰ ከሁለት ቆረጠው።

ጋሽ ሰይድ፣ ይህ በሕይወት ሳሉ የሚነገርዎ ነገር አልነበረም፤ ቢሰሙት ልብዎ አይችለውም ነበር። አሁን ግን ይስሙን። የመጨረሻ ሥራዎን ቆርጠነዋል። የተናደዱ አይመስለኝም፤ ከሆነም እንኳ እትዬ ዘሀራ ይመልሱልዎታል። ዕቃዎን ሥራ ቤትዎ ውስጥ እንዳለ ትተነዋል፤ ቀርከሃና ወይራውን ዘውዱ መርጦ አምጥቷል፤ ያችን ዘግይታ የምትደርቀዋን ሙጫም አግኝተናል። እጃችን ግን የእርስዎ አይደለም፤ እንፈራለን። ቁራጭ እያጣበቅን፣ እየሰበርን፣ የተሰበረበትን ወደ ብርሃን እያዞርን እናያለን፤ እስካሁን ደስ ያለን ጊዜ የለም። አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎ፤ እኔም በእኔው ቤተ ክርስቲያን ስምዎን እጠራለሁ። ሐያት እስካሁን ደጋን የላትም፤ በእኔም በዘውዱም ተቀይማለች፤ ካገኘችን ፊቷን ታዞርብናለች። ዓይኖቿ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው። ይረፉ፣ ጋሽ ሰይድ።